ከቡልቡላ እስከ ቡልቡላ

በከተማ የሚኖር ሰው ለዘመዱ የሚገባውን ነገር «ዛሬ ሥራ አለብኝ፥ ነገ እፈጽመዋለሁ» እያለ ሲያሳድር፥ ያሳደረው ነገር ሳያውቀው ዓመት ይሆንበታል። በእኔም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ይህን ለአንባቢ የምነግረው ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ በሁለት ቀን መንገድ ያየሁትና የሰማሁት ነገር ለሌላውም ሰው የሚጠቅም ስለ መሰለኝ ነው።

የእናቴ ታናሽ ወንድም የሆኑት አጎቴ በከተማችን ምሥራቅ፥ ቦሌ ቡልቡላ በሚባለው ሰፈር ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ሰባ ሰባት ዓመት ነው። በ1959 ዓ.ም. ገና ወጣት ሳሉ የባሕር ኃይል ወታደር ሆነው ወደ ምጽዋ ወረዱ፤ ከሃያ ዓመት በላይም በቀይ ባሕር ላይ አገለገሉ። በ1982 ዓ.ም. እናታቸው፥ ማለት አያቴ፥ ስለ ታመሙ ፈቃድ ተቀብለው ወደ አዲስ አበባ መጡ። በዚህ ሳሉም በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ምጽዋ በጦርነት ተያዘች። የልብስ ሣጥናቸውና የባልንጀሮቻቸው ፎቶግራፍ በዚያው ቀረ። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የሌላት አገር ሆነች፤ አጎቴም በአንድ መጋዘን ጸሐፊ ሆነው ገቡና ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሚገባውንና የሚወጣውን ዕቃ ሲጽፉ ኖሩ። ከዚያ ወዲህ ባሕር የሚባለውን ነገር በዓይናቸው አላዩም።

ስለዚህ ነገር ብዙ አይናገሩም። አንድ ጊዜ ብጠይቃቸው፥ «አገሩ የባለአገሩ ነው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። እኔን የናፈቀኝ ውኃው ነው» አሉኝ። ከአራት ዓመት በፊት ግን በትንሣኤ ማግሥት ምሳ በልተን ስንጫወት፥ «አንተ ልጅ፥ መኪና አለህ፤ አንድ ቀን ወስደህ ማዶው የማይታይ ውኃ ብታሳየኝ ምን አለበት?» ብለው ለመኑኝ። እኔም «ጋሼ፥ ይህማ ቀላል ነው፤ በሚመጣው ወር እንሄዳለን» አልኋቸው። ያ ወር አለፈ፤ ሌላውም አለፈ። እርሳቸውም ዳግመኛ አላነሡትም፤ እኔም አለማንሣታቸውን እንደ መርሳት ቈጠርሁት።

ባለፈው ጥቅምት ዓይናቸውን ስለ ደከማቸው ወደ ሐኪም ወሰድኋቸው። ሐኪሙ መርምሮ ሕመሙ ግላኮማ የሚባለው መሆኑን ነገረን። የቀረውን ብርሃን በመድኃኒት ለመጠበቅ ይቻላል፤ የሄደው ግን አይመለስም አለ። ከዚያ ወጥተን ስንመለስ አጎቴ በመኪናው ውስጥ ዝም ብለው ተቀመጡ። ገርጂን ካለፍን በኋላ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳይመልሱ፥ «እንግዲህ ውኃውን መቼ ልታሳየኝ ነው?» አሉ። ምን እንደ መለስሁላቸው አላስታውስም፤ ፊቴ እንደ ጋለ ግን አስታውሳለሁ።

ወደ እውነተኛው ባሕር ልወስዳቸው አልቻልሁም። ጅቡቲ ሩቅ ናት፤ ለሽማግሌ ሰው መንገዱም ሙቀቱም ይከብዳል። ስለዚህ አሳቤን ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች መለስሁ። ባሕር በሌለው አገር የሚኖር ሰው የባሕር ዳር መንገድ ቢያምረው፥ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ በሚወርደው መንገድ ይሂድ፤ ቢሾፍቱ፥ ቆቃ፥ ዝዋይ፥ ላንጋኖ፥ አብያታ፥ ሻላ፥ ሐዋሳ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተራ በተራ ተሰክተው ያገኛቸዋል። ካርታውን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ባሳያቸው፥ አጎቴ በማጒያ መነጽር ሲከተሉ ቆዩና ከዝዋይ ወጥቶ ወደ አብያታ በሚወርደው ወንዝ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ስሙ ቡልቡላ ይላል። «እንግዲያውስ ከቡልቡላ ተነሥተን ወደ ቡልቡላ ነው የምንሄደው» ብለው ሣቁ።

ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። «ጋሼ፥ በቱሉ ዲምቱ ወደ ፍጥነት መንገዱ ብንገባ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞጆ እንደርሳለን» አልኋቸው። እርሳቸው ግን «መርከብ የሚቸኩለው ጠላት ሲያባርረው ነው፤ በአሮጌው መንገድ ሂድ» አሉ። እኔም ታዘዝሁ።

ቦሌ የዛሬ ስልሳና ሰባ ዓመት እርሻና ግጦሽ ነበረ። የአውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከልደታ ወደዚህ ከመጣ በኋላ ከተማው ተከተለው፤ ዛሬ ከገርጂ እስከ ጎሮ፥ ከሰሚት እስከ አያትና አራብሳ ድረስ ቤት በቤት ላይ ተደርቦ ይታያል። የአጎቴ ቤት አውሮፕላኖች በሚነሡበት በኩል ስለሆነ ሌሊቱን ሁሉ ድምፃቸውን ይሰማሉ፤ እንደ አሮጌ መርከበኛ ልማድም ዓይናቸውን ጨፍነው የሞተሩን ድምፅ ለይተው ያውቃሉ። በዚያ ማለዳ አንድ አውሮፕላን በላያችን አልፎ ሲሄድ፥ «ይኸ ሰው የጫነ አይደለም፤ ዕቃ ነው። ከባድ ነው» አሉ። ምን ይጭናል ብለው ቢጠይቁኝ፥ «አበባ ይሆናል፤ ወደ ሆላንድ የሚሄድ» አልኋቸው። በዚያን ጊዜ ስለዚህ ነገር ከዚህ የበለጠ አልተነጋገርንም።

በቃሊቲ በኩል ወጥተን አቃቂን አለፍን። በዱከም በኩል ፋብሪካው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፎአል። ከከባድ መኪናዎች ኋላ ቀስ እያልን ስንሄድ አጎቴ ስለ ባቡር ሐዲድ አጫወቱኝ። ከጅቡቲ የተነሣው የቀድሞው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር የተመረቀው ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ነው። «መቶ ዓመት ሙሉ ወደ ባሕር መንገድ ስንሠራ ኖርን» አሉ።

ቢሾፍቱ ስንደርስ ከእሳተ ገሞራው አፍ ላይ ተቀምጠን ቁርስ በላን፤ ቡናም ጠጣን። ይህች ከተማ ለብዙ ዓመት ደብረ ዘይት ስትባል ኖራ አሁን ወደ ቀድሞ ስሟ ተመልሳለች። ዙሪያዋን ያሉት ሐይቆች፥ ቢሾፍቱ፥ ሆራ፥ ባቦጋያ፥ በየጉድጓዳቸው ተቀምጠዋል። ከእነርሱም ይልቁን ሆራ ከመስቀል በኋላ የኢሬቻ ምስጋና የሚደረግበት ስለሆነ ስሙ በሩቅ ይታወቃል። እነዚህን ጉድጓዶች የቆፈራቸው የጋለ ዓለት ከምድር በታች ከውኃ ጋራ ሲገናኝ የተነሣው ፍንዳታ ነው። አጎቴ ወደ ታች እያዩ፥ «መልካም ነው፤ ጥልቅም ነው። ግን በሳሕን ያለ ውኃ ነው፤ ማዶው ይታያል» አሉ። ሒሳብ ከፍለን ተነሣን።

ሞጆ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልባት ከተማ ናት፤ የግራው ወደ አዳማና ወደ ጅቡቲ፥ የቀኙ ወደ ሐዋሳ ይሄዳል። በዚያም ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ የሚራገፍበት ደረቅ ወደብ አለ። ሣጥኖቹ በቀለም በቀለማቸው ተደራርበው ከሩቅ ይታያሉ። አጎቴ የቦታውን ስም በነገርኋቸው ጊዜ መኪናውን አቁም አሉኝ። ወርደው ከዘራቸውን ተደግፈው ለጥቂት ጊዜ ቆሙና፥ «ወደብ ሲደርቅ መርከበኛም በከዘራ ይሄዳል» አሉ። ሣቅሁ፤ እርሳቸውም ሣቁ። ነገር ግን ወደ መኪናው ሲመለሱ በሩን ለመክፈት እጀታውን በእጃቸው ዳብሰው ፈለጉት፤ ይህን ባየሁ ጊዜ ሣቄ ጠፋ።

ከሞጆ ወደ ቀኝ ታጥፈን የቆቃን ውኃ አገኘን። ይህ ሐይቅ አዋሽን በግድብ በማቆም የተሠራ ነው። ግድቡ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። በዳሩ ያሉት ገበሬዎች በመስኖ ያለሙትን ሽንኩርትና ቲማቲም በመንገድ ዳር ይሸጣሉ። ዛሬ ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ የሚባለው አረምም ወደ ጣና ከመግባቱ ከብዙ ዓመት በፊት በዚህ ታይቶ ነበረ። ያን ጊዜ ነገሩን ከቁም ነገር የቈጠረው ሰው ጥቂት ነበረ።

እኩለ ቀን ሲሆን መቂን አልፈን ዝዋይ ደረስን፤ ከተማዋ ዛሬ ባቱ ትባላለች። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን፥ ከቦሌ ደግሞ ወደ 700 ሜትር ያህል ቁልቁል ወርደናል። አየሩ ሞቀ፤ አጎቴም ኮታቸውን አወለቁ። ጾመ ነቢያት ገና ስላልገባ በሐይቁ ዳር የቆሮሶ ጥብስ አዝዘን በላን። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ አባ ኮዳና ይብራ ከበዋቸው የሚጣለውን ይጠብቃሉ። ከዚህ በፊት ይህን ያህል ይብራ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ አይቼ ስለማላውቅ ተደነቅሁ፤ ምክንያቱን ያወቅሁት በማግሥቱ ነው።

በውኃው መካከል ደሴቶቹ ይታያሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ቱሉ ጉዶ ነው፤ በእርሱም ላይ ደብረ ጽዮን የሚባለው ገዳም አለ። በዮዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው በዚህ እንደ ተጠለሉ በትውፊት ይነገራል። የደሴቱም ሰዎች ዛይ ይባላሉ፤ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። እኔ ይህን ስነግራቸው አጎቴ ወደ ውኃው ቀርበው በእጃቸው ዘግነው ቀመሱ። «የሚጠጣ ነው፤ ጨው የለበትም» አሉና እጃቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ደስታና ቅሬታ ተደባልቀው በፊታቸው ላይ አየሁ።

ከከተማው ስንወጣ በላስቲክ የተሸፈኑ ረጃጅም የአበባ ቤቶች አየን። በምግብ ቤቱ ያስተናገደን ወጣት እኅቱ በዚያ እንደምትሠራ ነግሮን ነበረ። አበባው በየቀኑ ተቈርጦ በቀዝቃዛ መኪና ወደ ቦሌ ይሄዳል፤ ከቦሌም በአውሮፕላን ወደ ውጭ አገር። አጎቴ ይህን ካሰቡ በኋላ፥ «ታዲያ ሌሊት በቤቴ ላይ የሚያልፈው የዚህ ሐይቅ ውኃ ነዋ!» አሉ። እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበረ። ሳስበው ግን ነገሩ እውነት ነው፤ ጽጌረዳ ያለ ውኃ አይበቅልም፤ ውኃውም ከሐይቁ ይቀዳል። በዝዋይ ዙሪያ የሚቀዳው የአበባው ብቻ አይደለም፤ የሽንኩርቱም፥ የቲማቲሙም፥ የጎመኑም አለ። ከዚያም የአዲስ አበባ ሰው ይበላል።

ከጥቂት መንገድ በኋላ የቡልቡላን ወንዝ አገኘን። መኪናውን አቁመን ወርደን አየን። ክረምቱ ካለፈ ብዙ አልቆየም፤ ይሁን እንጂ ወንዙ ከስሙ ያነሰ ነበረ። ሴቶችና ልጆች በጀሪካን ይቀዳሉ፤ ከብቶችም ከታች ይጠጣሉ። የዚህን ውኃ መንገድ ለአንባቢ በአጭሩ ልንገር። መቂና ከታር የሚባሉት ወንዞች ወደ ዝዋይ ይገባሉ፤ ከዝዋይ የተረፈው በቡልቡላ አድርጎ ወደ አብያታ ይወርዳል፤ ከላንጋኖም የሚተርፈው በሆራ ከሎ ወደዚያው ይገባል። አብያታ ግን መውጫ የለውም። ስለዚህ በገበታ መጨረሻ እንደ ተቀመጠ እንግዳ ነው፤ ከላይ ያሉት ሁሉ ከበሉ በኋላ የተረፈው ብቻ ይደርሰዋል።

ያን ሌሊት በላንጋኖ ዳር አደርን። ውኃው ሻይ በወተት ይመስላል፤ ከምሥራቅ በኩል የአርሲ ተራሮች ይታያሉ። ማታ ነፋስ ተነሥቶ ሞገዱ ዳሩን ይመታ ጀመረ። ከእንቅልፌ ብነቃ አጎቴ በአልጋቸው ላይ የሉም። ወጥቼ ባይ ጋቢያቸውን ተከናንበው በአሸዋው ላይ በወንበር ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ተጨፍኗል። ቀስ ብለው አንድ አንድ ስም ይጠራሉ። በመጀመሪያ ጸሎት መስሎኝ ነበረ፤ በኋላ ግን የመርከብ ባልንጀሮቻቸው ስም መሆኑን ዐወቅሁ። አንዱን ስም ጠርተው ማዕበል አንድ ጊዜ እስኪመታ ይጠብቃሉ፤ ከዚያም ሌላውን ይጠራሉ። ሳልናገር ተመልሼ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። ከቤታቸው እስከዚህ ያለው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአንድ ቀን ጧት የሚደረስበት መንገድ ነው። እኔ ግን አራት ዓመት አስጠበቅኋቸው።

በማግሥቱ ከላንጋኖ ማዶ ወዳለው የአብያታና የሻላ ብሔራዊ ፓርክ ገባን። ከበሩ አጠገብ ሰጎኖችና የሜዳ ፍየሎች አሉ። አንድ የፓርኩ ጠባቂ አብሮን በመኪና ተቀመጠና ወደ አብያታ ወሰደን። በአንድ ደረቅ ሜዳ ጫፍ ላይ ስንደርስ፥ «እዚህ ቁሙ» አለ። ሜዳው እንደ በረዶ ነጭ ነው፤ ውኃው በሩቅ እንደ ቀጭን ክር ያብረቀርቃል። ጠባቂውም በእግሩ መሬቱን እየመታ፥ «እኔ ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ ውኃው እዚህ ነበረ» አለ። ሰውየው ገና ሃምሳ ዓመት አልሞላውም።

አጎቴ ሌላ ነገር አልጠየቁም። ከዘራቸውን አንሥተው መራመድ ጀመሩ፤ እርምጃቸውንም ድምፅ አውጥተው ቈጠሩ። እኔ ክንዳቸውን ያዝሁ። የሶዳው ቅርፊት ከእግራችን በታች እንደ ደረቅ እንጀራ ይሰበራል። መቶ በደረሱ ቁጥር ይቆማሉ፤ እኔም በማስታወሻ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። እርጥቡ ጭቃ አላስኬድ ባለን ጊዜ ቁጥሩ 1,740 ደርሶ ነበረ። ከፊታችን ፍላሚንጎዎች ሮዝ መስመር ሠርተው ቆመዋል። አጎቴ ጐንበስ ብለው ጣታቸውን በውኃው ነክረው ቀመሱ። ወዲያው ፊታቸው በራ፤ «ጨው!» አሉ። ጥቂት ቆይተው ግን ምራቃቸውን ተፉና፥ «አይደለም፤ መራራ ነው። የባሕር ጨው እንዲህ አይደለም» አሉ።

ስለ ይብራዎቹ የነገረን ይኸው ጠባቂ ነው። ይብራ ጎጆውን የሚሠራው በሻላ ሐይቅ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ ነው፤ በዚያ አውሬ አይደርስበትምና። በሻላ ግን ለእርሱ የሚበቃ ዓሣ ስለሌለ፥ ቀድሞ ትንሹን ኮረብታ ብቻ ተሻግሮ ከአብያታ እያጠመደ ጫጩቶቹን ይመግብ ነበረ። አብያታ እየጐደለ ጨውነቱ እየበረታ ሲሄድ ዓሣው አለቀ። ወፎቹም ምግባቸውን እስከ ዝዋይና እስከ ሌሎች ሐይቆች ድረስ ርቀው መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ትናንት በዓሣ አጥማጆቹ እግር ሥር ተሰብስበው ያየኋቸው በምን ምክንያት እንደሆነ አሁን ገባኝ።

አጎቴ በዚያ ነጭ ሜዳ ላይ ቆመው እንዲህ አሉ፥ «ባሕሩ ሲሄድ ጦርነት ነበረ፤ ሰው ሁሉ ዐወቀ፤ ሰው ሁሉ አለቀሰ። ይኸኛው ሲሄድ ግን ማን አለቀሰ? ማንስ ወሰደው?»

እኔም የማውቀውን ነገርኋቸው። ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ዝዋይ፥ ላንጋኖ፥ አብያታና ሻላ አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ፤ ዝናሙ ሲያንስ ጐድሎ አራት ሆነ። ስለዚህ ሐይቅ በራሱ ጊዜ ይሰፋል፥ ይጠብባልም። ነገር ግን ያ በሺህ ዓመት የሚቈጠር ነው፤ ይህ በአንድ እረኛ ዕድሜ የሆነ ነው። ከላይ በመስኖ የሚቀዳው ውኃ አለ፤ ለመስተዋትና ለሳሙና ሥራ የሚያስፈልገውን ሶዳ ለማውጣት ከራሱ ከአብያታ ሲቀዳ የኖረው አለ፤ ዝናም ያነሰባቸውም ዓመታት አሉ። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ነጥሎ ሁሉን በእርሱ ላይ መጫን ትክክል አይሆንም። በአበባውም በሽንኩርቱም የሚተዳደር ብዙ ሕዝብ አለ።

አጎቴ ሰምተው፥ «አበባውን አልጠላሁም፤ የዚያ ልጅ እኅት ትብላበት» አሉ። «እኔ ግን የመጋዘን ጸሐፊ ነበርሁ። የሚገባውና የሚወጣው ካልተጻፈ መጋዘኑ ባዶ መሆኑ የሚታወቀው በሩ ሲከፈት ነው። ይህን ማን ይጽፋል?»

ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። እኛ የተማርን የከተማ ሰዎች በጦርና በውል የሄደብንን ነገር ዓመቱንና ወሩን እየጠቀስን እንከራከርበታለን። ድምፅ ሳያሰማ፥ በየቀኑ በባልዲ የሚሄደውን ግን በመዝገብ አናገባውም። ይህን ስል ስለ ሐይቅ ብቻ አልናገርም፤ በአራት ዓመት ውስጥ ከአጎቴ ዓይን የሄደውን ብርሃን እኔ አልጻፍሁትምና።

ከዚያ ተነሥተን ኮረብታው ላይ ወጣን። ከበታቻችን ሻላ ተዘርግቶአል። ጥልቀቱ 266 ሜትር ስለሆነ ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ የሚጠልቀው እርሱ ነው። ቀለሙም ከሌሎቹ የተለየ፥ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው። በዳሩ ከሚፈላው ፍል ውኃ እንፋሎት ይነሣል። አጎቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ፥ «ማዶው አይታይም» አሉ።

እኔ ማዶውን አያለሁ። ገደሉን፥ ዛፉን፥ በላዩ የተንጠለጠለውንም ትንሽ ደመና አያለሁ። እርሳቸው ያላዩት ዓይናቸው ስለ ደከመ ነው። እውነቱን ብናገር ለማን እንደሚጠቅም አላወቅሁም፤ ውሸት እንዳልናገርም ፈራሁ። ስለዚህ ዝም አልሁ። እርሳቸውም በወጣትነታቸው ሰላምታ ይሰጡ እንደ ነበረ ቀጥ ብለው ቆመው እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አነሡ፤ ከዚያም ባርኔጣቸውን ደፉ። «በቃኝ፤ እንመለስ። ሐዋሳ ለሌላ ጊዜ ይቆየን» አሉ።

ቦሌ ቡልቡላ የደረስነው ማታ በሦስት ሰዓት ነው። ወደ ቤት አስገብቼ መድኃኒታቸውን በዓይናቸው ጠብ ካደረግሁላቸው በኋላ ለመሰናበት ስነሣ እጄን ያዙኝ። «ማዶ እንዳለው አውቃለሁ፤ ካርታውን አብረን አላየንምን? ዝም ስላልህ ግን እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። የምመልሰው ቃል ጠፋኝ። በዚያው ጊዜ አንድ ከባድ አውሮፕላን በጣራው ላይ አለፈ፤ መስኮቱም ተንቀጠቀጠ። ሁለታችንም ድምፁ እስኪርቅ ድረስ ሰማን።

ከዚያም ደብተሬን አውጣ አሉኝና ቁጥሩን እንዳነብላቸው አዘዙ። «1,740» አልሁ። «ቀኑንም ጻፍበት። በሚመጣው ኅዳር ተመልሰን እንቈጥረዋለን። እኔ ባላይ አንተ ታያለህ፤ እኔ እቈጥራለሁ።» እኔም በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃ እንደ ተመለሰበት ነገርኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት አስበው፥ «እንግዲያውስ ቁጥሩ ሊያንስ ይችላል» አሉ።

ቀኑን ጽፌአለሁ። ከበታቹም ለሚመጣው ዓመት አንድ መስመር ባዶ ትቼለታለሁ።